ሁንዴ ታመነ ኃይሉ

ፈቲያ ከድሩ የምትሠራበት ቢሮ ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ነበር። ድርጅቱ የአንድ የግል ሆስፒታልን የታካሚዎች መዝገብ በኮምፒውተር ያደራጃል። ሆስፒታሉ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ክሊኒኮች አሉት። በየትኛውም ክሊኒክ ያለች የካርድ ክፍል ሠራተኛ የታካሚውን ስም ስትጽፍ ካርዱን የሚያመጣላት መፈለጊያ የፈቲያ ኃላፊነት ነበር። የጀመረው ግን ከእሷ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ እሱ ሥራ ለቆ ሲሄድ ያልተጨረሰውን ሁሉ ለእሷ ትቶላት ሄደ።

በ2008 ክረምት መገባደጃ ላይ የሰበታው ክሊኒክ የካርድ ክፍል ኃላፊ ያለምወርቅ ደወለችላት።

«ፈቲያዬ፣ የዚህ ነገራችሁ ጠባይ አልገባኝም። የቡራዩን ሰው በስሙና በአባቱ ስም ስጽፈው ወዲያው ያመጣልኛል። የራሳችንን የሰበታን ሰው ግን እስከ አያቱ ካልጻፍኩ ‹ምንም አልተገኘም› ይለኛል። እስከ አያቱ ጽፌም አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ሰውዬው ፊቴ ቆሞ እኮ ነው!»

ፈቲያ ነገሩን ለአለቃዋ ለባርናባስ ነገረችው። ባርናባስ ድርጅቱን ከጓደኛው ጋር ያቋቋመ፣ ሁሌም ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው። «እስከ አያት ይጻፉ በያቸው» አላት። «መጀመሪያ ሆስፒታሉ የጠየቀንን ሪፖርት ጨርሺ።» እሷም ሪፖርቱን ያዘች፤ የያለምወርቅ ጥያቄ በዚያው ቀረ።

ከዚያ መስከረም ገባ፤ አገሩም ተረበሸ። ቡራዩ ላይ ሱቆች መዝጊያቸውን ግማሽ ድረስ ብቻ ከፍተው መዋል ጀመሩ። ሰበታ መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ፋብሪካ ተቃጥሏል ይባል ነበር። የስልክ ኢንተርኔት ጠፋ። ሰው ወሬ የሚሰማው በአካል ከመጣ ሰው ብቻ ሆነ።

የፈቲያ አባት ከድሩ ከቡራዩ አስፋልት ዳር የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ። አንድ ጠዋት ፈቲያ መኪና አጥታ ሥራ ሳትሄድ ሱቁ ውስጥ ከአባቷ ጋር ቆማ ሳለ አደ ገለቴ ከግማሽ መዝጊያው ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። ከሱሉልታ የመጡት አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው ነበር። ነጠላቸው አቧራ ለብሷል።

አደ ገለቴ ባዳ አልነበሩም። ባላቸው ታመነ የከድሩ የጥንት ወዳጅ ነበሩ። ታመነ ሲሞቱ ልጃቸው ሁንዴ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበር፤ ከድሩ አምጥተው ቡራዩ አስተማሩት። ሁንዴ ከሱቁ ጀርባ፣ ሲሚንቶ በሚከመርበት ክፍል ይተኛ ነበር። ማታ ማታ ከፈቲያ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያጠኑ ነበር፤ ሒሳብ ላይ እሷ ትበልጠዋለች፣ ሳቅ ላይ እሱ ይበልጣታል። ትምህርቱን ሲጨርስ ሰበታ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሱሉልታ ያለው የእናቱ ማሳ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ሰሞን ተለክቶ ችካል ተተክሎበት ነበር። ፕላኑ ቀርቷል ከተባለም በኋላ ችካሉን የሚነቅል አልመጣም። ሁንዴ ስለዚያ ችካል ሲናገር ድምፁ ይለወጥ ነበር።

«አካም ቡልተን፣ አደ ገለቴ?» አለች ፈቲያ።

«ፈያ» አሉ ከልማድ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ፈያ አይደለሁም» አሉ። «ኢልመኮ ጠፋ፤ ልጄ ጠፋ።»

ማክሰኞ ለታ ደውሎላቸው እንደነበር ነገሯቸው። «ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ቤቴ ነኝ፣ አታስቢ» ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ሰበታ ሄደው የተከራየበትን ክፍል አዩ፤ በሩ ተቆልፏል። አከራዮቹ ማክሰኞ ከሰዓት ከልጆች ጋር ወጥቶ እንዳልተመለሰ ነገሯቸው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ እኛ ጋ የለም፣ ሆስፒታል ፈልጊ አሏቸው። የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችን አዳረሱ። መጨረሻ ላይ ሰዎች የጠቆሟቸው የግል ክሊኒክ ገቡ።

«እዚያ ያለችው ልጅ ስሙን ጠየቀችኝ። ሁንዴ ታመነ አልኳት። ኮምፒውተር ላይ ጻፈች። የለም አለችኝ።»

ፈቲያ ቀና አለች። ሰበታ ላይ ስም በኮምፒውተር የሚፈልግ ክሊኒክ የያለምወርቅ ብቻ ነው።

«ሁንዴ ታመነ ብቻ ነው የጻፈችው? አያቱን አልጠየቀችዎትም?»

«አልጠየቀችኝም።»

«እንግዲያው የለም ማለት አይደለም» አለች ፈቲያ። ቃሉ ሳታስበው አመለጣት። «እዚያ ክሊኒክ ላይ መፈለጊያው ችግር አለበት። ያለውንም ሰው የለም ይላል። ከወር በፊት ነግረውኝ ነበር።»

ከድሩ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማሽኑ ነው የተሳሳተው? ልጁ አለ?»

«አለ አላልኩም አባ። አይታወቅም ነው ያልኩት።»

አደ ገለቴ ግን መጀመሪያ የተባለውን ብቻ ነው የሰሙት። ተነሥተው የፈቲያን ሁለት እጆች ያዙ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው አይደል? አስተካክይውና ልጄን አውጪልኝ።»

ፈቲያ ቢሮ መድረስ ነበረባት። እስከ አስኮ በእግሯ ሄደች። መንገዱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽቦ ይታያል፤ ወታደሮች መታወቂያ እያዩ ያሳልፋሉ። አንዱ ወታደር ስልኳን ተቀብሎ ፎቶዎቿን አንድ በአንድ ካየ በኋላ መለሰላት። ከአስኮ ወዲያ ታክሲ አገኘች።

ቢሮ ውስጥ የመስመር ኢንተርኔቱ ይሠራ ነበር። ከባርናባስ በቀር የመጣ ሰው የለም። ፈቲያ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ስሙን ጻፈች፤ ሁንዴ ታመነ። ምንም አልተገኘም። እስከ አያቱ ጻፈች፤ ሁንዴ ታመነ ኃይሉ። ምንም አልተገኘም። ኃይሉን በሃ ጻፈችው፣ በሀ ጻፈችው፣ በሐ ጻፈችው፣ በኀ ጻፈችው። ሁሉም ያው ነው።

ባርናባስ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ነገረችው።

«ለማን ነው የምታስተካክይው?» አላት።

«ለእናቱ ነዋ።»

«እናት ብቻ ናት ስም የምታጽፈው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ከዋናው ሆስፒታል ደውለውልኝ ነበር። የቆሰለ ሰው መጥቶ እንደሆነ ስም ስጡን ያሏቸው ሰዎች አሉ። አሁን እንደተበላሸ የለም ይላል። አንቺ ስታስተካክይው ለሁሉም ነው የሚናገረው፣ ፈቲያ። ለመጣ ሁሉ።»

ፈቲያ ይህን አላሰበችውም ነበር። እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች።

«አንድ ቦታ ብቻውን ተኝቶ ቢሆንስ?» አለች። «ስሙን የሚናገርለት ሰው አጥቶ ቢሆንስ?»

ባርናባስ «እኔ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም» ብሎ ጃኬቱን ይዞ ወጣ።

ፈቲያ መፈለጊያው የሚጻፍለትን ጥያቄ እንዴት እንደሚረዳው ራሱ እንዲያሳያት አዘዘችው። የወጣላትን ስታነብ ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠላት። በቡራዩና በሱሉልታ መዝገቦች ላይ የስም ቦታው እንደ ጽሑፍ ነበር የተቀመጠው። መፈለጊያው ስሙን ቃል በቃል ይለያየዋል፤ ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል፤ ከሦስቱ ስም ሁለቱ ቢጻፉለትም ሰውዬውን ያገኛል። የሰበታውን ያስገባው ያ ሥራ የለቀቀው ልጅ ግን የስም ቦታውን እንደ መለያ ቁጥር አድርጎ ነበር ያስቀመጠው። እዚያ ስም አንድ ድፍን ነገር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል እንደ ማኅተም ካልገጠመ የለም ይባላል። ሠራተኛዋ የምትጽፍበት ሳጥን አንድ ነው፤ የጻፈችው ስም ግን ለቡራዩ በአንድ መንገድ፣ ለሰበታ በሌላ መንገድ ይነበባል።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ያለምወርቅ በደወለች ቀን ፈቲያ ቁጭ ብላ ብታየው ኖሮ ያኑ ዕለት ትጨርሰው ነበር።

የሰበታን የስም ቦታ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት አደረገችና መዝገቡ በሙሉ እንደ አዲስ እንዲደራጅ አዘዘች። መዝገቡ ብዙ ስለሆነ ጊዜ ወሰደ። እሷ በመስኮቱ ቁልቁል ታያለች። ፒያሳ ሰው እንደ ወትሮው ይገበያያል፤ አንዱ ጫማውን ያስጠርጋል። ከቡራዩ ይህን ያህል የቀረበ ቦታ መሆኑን ማመን አቃታት።

ሲጨርስ ሁለቱን ስም ብቻ ጻፈች።

አንድ ካርድ መጣ። ሁንዴ ታመነ ሐይሉ፣ ሰበታ ክሊኒክ። የጻፈው ሰው በታመነና በሐይሉ መካከል ሁለት ጊዜ ክፍተት ሰጥቶ ነበር፤ በምንም ፊደል ብትጽፈው ያልተገኘው ለዚህ ነው። ተጠሪ በሚለው ቦታ «ከድሩ፣ ቡራዩ» ይላል። የተመዘገበበት ቀን ሐሙስ፣ ባለፈው ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ ወጥቶ ከጠፋ በኋላ።

ፈቲያ አፏን በእጇ ያዘች። ሕመሙ ምን እንደሆነ ኮምፒውተሩ ላይ አልተጻፈም፤ እሱ የሚገኘው ወረቀቱ ካርድ ላይ ነው። ወደ ሰበታ ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩ አይነሣም። ለአባቷ ደወለች።

«አባ፣ አገኘሁት። እኛ ነን ተጠሪ ተብለን የተጻፍነው።»

ከስልኩ ወዲያ አባቷ በኦሮምኛ ሲናገሩ፣ ከዚያ የአደ ገለቴ እልልታ ተሰማት። አጭር ነበር፤ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም ወደ ሰበታ ሄዱ። በአየር ጤና በኩል የሚያልፍ ሚኒባስ ተገኘ፤ ሾፌሩ ዓለም ገና ላይ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ብሎ አወረዳቸው። የቀረውን በባጃጅና በእግር ጨረሱት። መንገድ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና ጎማ አልባ ሆኖ ቆሟል። አደ ገለቴ በፌስታል ንጹሕ ሸሚዝና አንድ ጠርሙስ ወተት ይዘዋል። በመንገዱ ሁሉ ሲናገሩ ነበር፤ ሱሉልታ ወስደው እንዴት እንደሚያስታምሙት፣ ፋብሪካ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንደማያስረግጡት።

ያለምወርቅ ካርድ ክፍል ውስጥ ነበረች። ፈቲያን ስታይ ደስ ብሏት ተነሣች፤ ፈቲያ ስሙን ነገረቻትና ካርዱን ጠየቀቻት።

ያለምወርቅ ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ አይታ መደርደሪያው ጋ ሄደች። ወደ ዕለቱ ካርዶች አልነበረም የሄደችው፤ ወደ ታች፣ ጠርዛቸው ወደ ቢጫ ወደ ዞረው ካርዶች ነው። ፈቲያ ይህን ስታይ ተከተለቻት።

«ያለም፣ የተመዘገበው ሐሙስ ነው ይላል እኮ።»

«ኮምፒውተር ላይ ያስገባነው ሐሙስ ነው» አለች ያለምወርቅ። «መንገድ ተዘግቶ የወትሮው ታካሚ ሲጠፋ ዝም ብለን ከምንቀመጥ ብለን የድሮዎቹን ካርዶች ስናስገባ ሰነበትን። ቀኑን ማሽኑ ራሱ ነው የሚጽፈው።» ካርዱን አወጣችና አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «የኅዳር 2007 ነው።»

ከድሩ በግድግዳው ተደገፉ። አደ ገለቴ ግን አልገባቸውም። «የታለ? የትኛው ክፍል ነው?» አሉ።

ፈቲያ መናገር ነበረባት። «አደ ገለቴ፣ ይሄ የድሮ ካርድ ነው። ያኔ ታክሞ ወጥቷል። አሁን እዚህ የለም።»

«ትናንት አገኘሁት አላልሽም?»

«ካርዱን ነው ያገኘሁት። ተሳስቼ ነው።»

አሮጊቷ አዩዋት። ንዴት አልነበረም ፊታቸው ላይ። ከዚያ ወደ ያለምወርቅ ዞሩ። «ያኔ ምን ሆኖ ነው የታከመው?»

ያለምወርቅ የሐኪሙን ጽሕፈት እንደምንም ለይታ አነበበች። «የግራ እጅ ትንሿ ጣት፣ በማሽን ጫፏ ተቆርጧል። ተሰፍቷል። ከሦስት ቀን በኋላ እንዲመለስ ተነግሮታል።» ገልበጥ አድርጋ አየች። «አልተመለሰም።»

«የማን ጣት?»

«የሁንዴ፣ እናቴ።»

አደ ገለቴ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ለኔ አልነገረኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ለፋሲካ መጥቶ ሳለ ግራ እጁን ከኪሱ አያወጣም ነበር። ጉርምስና ነው ብዬ ዝም አልኩት።» ከድሩንም ጠየቋቸው። «ኦቦ ከድሩ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም» አሉ ከድሩ።

ፈቲያ ገና ተስፋ አልቆረጠችም። ያለምወርቅን ክንዷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። «ማክሰኞና ረቡዕ የመጡትን ካርዶች አሳዪኝ። ስማቸው ተበላሽቶ የተጻፈም ቢሆን። ዕድሜ፣ የሆነ ነገር። እኔ እፈልገዋለሁ።»

ያለምወርቅ ዙሪያዋን አየች። «የማክሰኞ ካርድ የለም» አለች በሹክሹክታ። «ከማክሰኞ ጀምሮ ለቆሰለ ሰው ካርድ አናወጣም። ስምም አንጠይቅም። ሐኪሞቹ ናቸው እንዲያ ያሉን፤ ነገ የሚጠይቅ ቢመጣ የምንሰጠው እንዳይኖረን። የተሰፋው ተሰፍቶ በጓሮ በር ይወጣል። የባሰበትን በመኪና ይወስዱታል። ወዴት እንደሚወስዱት እኛ አናውቅም።»

«እሱስ መጥቶ ነበር?»

ፈቲያ ስልኳ ላይ ያለውን የሁንዴን ፎቶ አሳየቻት። በአንድ ዒድ ቀን ሱቁ በር ላይ የተነሣው ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ያለምወርቅ ስልኩን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አስጠግታ አየችው። ብዙ አየችው።

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ላይሆንም ይችላል። ብዙ ነበሩ፣ ፈቲያ። እኔ ደም ስጠርግ ነበር፤ ፊታቸውን አላየሁም።» ዓይኗን እንባ ሞላው። «ብዋሽሽ ደስ ይለኝ ነበር።»

ፈቲያ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። መፈለጊያውን ምንም ያህል ብታስተካክለው፣ ስሙን በየትኛውም ፊደል ብትጽፈው፣ ከማክሰኞ ወዲህ እዚያ ውስጥ የገባ ሰው አልነበረም። ያልገባ ነገር ደግሞ አይወጣም። ያልጻፉትን ልትወቅሳቸው ፈለገች፤ አልቻለችም። ባርናባስ የነገራት ሁሉ ትዝ አላት። እሷ ራሷ ያን ቀን እዚያ ብትሆን አትጽፍም ነበር።

ወደ ቡራዩ ሲመለሱ አደ ገለቴ ወተቱን መንገድ ላይ ለተቀመጡ ልጆች ሰጡ። ሸሚዙን ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ባለው ሳምንት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከድሩ የሚያውቁትን ነጋዴ ሁሉ ጠየቁ፤ ከሰበታ ወዲያ ወደ ተጂ የሚመላለስ የእህል ነጋዴ በዚያ በኩል በመኪና ተጭነው ሲወሰዱ ያያቸው ልጆች እንዳሉ ነገራቸው፤ ከነዚያ ውስጥ ሁንዴ ይኑር አይኑር አያውቅም። አደ ገለቴ እስር ቤቱንም፣ ሆስፒታሉንም፣ አስከሬን ክፍሉንም አዳረሱ። በየሄዱበት የልጅሽ ምልክት ምንድን ነው ሲሏቸው፣ «የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጫፍ የላትም» ይሉ ነበር። ይህን የሚያውቁት ከዚያ ካርድ ነው።

ፈቲያ ሥራዋን አልለቀቀችም። ባርናባስ መስተካከሉን ለሆስፒታሉ ሪፖርት አድርጎ ምስጋና ተቀበለ። ማን ምን እየፈለገበት እንደሆነ ግን ሁለቱም አንድ ቀን አንሥተው አላወሩም። የሰበታ ካርድ ክፍል ደንበኛ አሁን በስሙና በአባቱ ስም ወዲያው ይገኛል።

በታኅሣሥ በአዋጁ ታፍሰው ማሰልጠኛ ካምፕ ከርመው የተለቀቁ ልጆች በአውቶቡስ ሲመለሱ አደ ገለቴና ከድሩ ሰበታ መናኸሪያ ሄደው ቆሙ። ልጆቹ ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰዋል። አደ ገለቴ የእያንዳንዱን ግራ እጅ እያዩ እስከ መጨረሻው አውቶቡስ ቆዩ። ከፋብሪካው ሁንዴን የሚያውቅ አንድ ልጅ አገኙ። ያን ማክሰኞ አብረው እንደነበሩ፣ ተኩስ ሲሰማ ሁሉም በየፊናው እንደሮጠ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ አላየውም።

በጥር አደ ገለቴ እንደገና ሱቁ መጡ። በጣም ከስተዋል። ፈቲያ ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ኢንተላ ኮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ። «ያ ማሽን፣ አንዱን አስተካከልሽው። ሌላ የተበላሸ ነገር የለውም? ያላየሽው ነገር ካለ ብዬ ነው።»

ከድሩ ልጃቸውን አዩ። አለ በያቸው የሚሉ ይመስሉ ነበር።

ፈቲያ ባለፉት ወራት የየክሊኒኩን መዝገብ ቦታ በቦታ፣ ፊደል በፊደል ፈትሻዋለች፤ ሌሊት ሌሊትም በሐሳቧ ስትፈትሸው ታድራለች።

«የለም፣ አደ ገለቴ» አለች። «አሁን በደንብ ይሠራል።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ከድሩ ዞሩ። «አምቦ ላይ ስማቸው ያልታወቀ እስረኞች አሉ ብለውኛል። የአምቦ መኪና ከየት ነው የሚነሣው?»

«እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ ከድሩ፤ የሱቁንም መዝጊያ ወደ ታች ጎትተው ቆለፉት።